የተሰረዘ አይቆጠርም

ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ ነው በስልክ የምታወራው። ውሃው ድምፄን ይሸፍንልኛል ብላ ነው፤ የዘንድሮ ልጅ ብልጥ ነው። ግን የዚያ ቤት ቧንቧ ጠዋት ጠዋት የሚያወርደው ከክር የቀጠነ ውሃ ነው፤ እንኳን የሰው ድምፅ የዝንብ ድምፅም አይሸፍን። አክስቷ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ የጥርስ ብሩሿን ይዛ በር ላይ ተራዋን ስትጠብቅ አንድም ቃል አላመለጣትም። «አልናገርም አልኩሽ እኮ!» ትላለች ልጅቷ። «ሁላችንም እያወቅን እንዳበላሸነው መች ጠፋኝ? የመጀመሪያውን ጽሑፍ አሳምሮ የጻፈ ማን አለ? ሲኒየሮቹ ናቸው የነገሩን፤ ለነሱም ከነሱ በፊት የነበሩት ነግረዋቸዋል። መጀመሪያ አበላሽ፣ መጨረሻ ላይ አሳምር፣ የመሻሻሉን ማርክ ውሰድ። ይሄንን ከተናገርኩ ግን የአክስቴ ጥናት አለቀለት። አራት ዓመት ለፍታበት ነገ ነው የሚፈርሙላት። ያባርሩኝ ከፈለጉ!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሷማ አላመነችኝም። ቢሆንም» አለች። ቧንቧው ተዘጋ። አክስትየው በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ በጣቷ እየተራመደች ወደ ክፍሏ ተመለሰችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የጥርስ ብሩሹ እጇ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በእንግሊዝኛ የአካዳሚክ ጽሑፍ አጻጻፍ ታስተምራለች። ማለት፣ አንድ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ይያዝ፣ ከሰው የወሰዳችሁትን ከሰው ወሰድን በሉ፣ «ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሁሉም ሰው ምንም አያውቅም እያለች ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ትለፋለች። ከማስተማሩ ጎን ደግሞ ታጠናለች። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በእጃቸው አንድ ገጽ ይጽፋሉ፤ በመጨረሻው ሳምንት በዚያው ርዕስ ቤታቸው ሠርተው፣ በኮምፒውተር ተይበው ያስገባሉ። በሁለቱ መካከል ያለው መሻሻል ማርክ አለው፤ ማርኩም እዚህ ግባ የማይባል አይደለም። ይህን መሻሻል አራት ዓመት ስትቆጥር ኖራ በመጨረሻ ደስ የሚል፣ ያማረ ውጤት አገኘች። ጥናቷ ታተመ፤ የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ የሚያሰጣት እሱ ነው። ከዚያው ጥናት ላይ ደግሞ አንድ ደንብ ወጣ፤ ከተለመደው መሻሻል እጅግ አልፎ የተገኘ ተማሪ ጽሑፉን ሌላ ሰው ጽፎለት እንደሆነ ይጣራ የሚል። ደንቡን ያረቀቀችው ራሷ ናት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ቁናውን የሠራችው እሷ፣ የተሰፈረችበት ግን የእህቷ ልጅ ናት።

ልጅቷን በቤት ስሟ ሚጣ ነው የሚሏት፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። የተመደበችው ሌላ መምህር ክፍል ነው፤ ዘመድ ዘመዱን ማረም አይችልምና። የሚጣ የመጀመሪያ ጽሑፍና የመጨረሻ ጽሑፏ ሲነጻጸር ሚዛኑ ተሰበረ። ክሱ መጣ። እዚሁ ፊታችን ቁጭ ብለሽ አንድ ገጽ ጻፊ ቢሏት እምቢ አለች። እምቢታዋ ደግሞ እንደ ማመን ተቆጠረ። አክስትየው ይህን የሰማች ዕለት ማታ ወደ ሚጣ ክፍል ገብታ «ማን ነው የጻፈልሽ?» አለቻት። ጻፍሽው ወይ አላለቻትም፤ ማን ጻፈልሽ ነው ያለችው። ሚጣ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ መጽሐፏ ላይ አቀረቀረች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ አልተነጋገሩም። ዛሬ ከሰዓት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ይቀመጣል። ጥፋቱ ከጸና ቅጣቱ መባረር ነው።

ይህን ሁሉ የማታውቅ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ አለች፤ የሚጣ እናት፣ የመምህርቷ ታላቅ እህት። መምህርቷ «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑን መስኮቱ ጋ ከነስፌት ማሽኗ ይዛዋለች፤ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ለመድረስ ከተቆለለ ጨርቅ ጋር መተሻሸት ግድ ነው። እናታቸው ስትሞት ታናሿን በዚያ ማሽን ነው አሳድጋ ያስተማረቻት። ይህን አንድ ቀን አንስታ አታውቅም፤ ስለማታነሳው ነው ከባድ የሚሆነው። ያን ጠዋት ለነገው ሹመት የሚለበሰውን ሰማያዊ ኮት እጅጌ እየለካች ነበር። «ነይማ፣ ክንድሽን ዘርጊ። ከስተሻል ልበል? ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ። አንቺም ሚጣ፣ ዳቦውን በጣትሽ ከምትቆራርሺው ብትበይው ምን አለ?» ሚጣ መቆራረሷን ቀጠለች። እትዬ አፏ ውስጥ የያዘችውን መርፌ አወጣች። «እናንተ ሰዎች ለአንድ ለተቃጠለ ሻርፕ ይሄን ያህል መኮራረፍ! ሚጣ፣ አክስትሽን ይቅርታ በያት። አንቺም ትልቅ ሰው ነሽ፣ ተያት። ሻርፕ እሰፋልሻለሁ።» ባለፈው ሳምንት ሚጣ በካውያ ያቃጠለችው የአክስቷ ሻርፕ አለ፤ እትዬ ኩርፊያውን ከዚያ አያይዛዋለች። መምህርቷ ሻይዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ሚጣ ቦርሳዋን አንስታ «ደህና ዋሉ» ብላ ወጣች። በሩን ስትዘጋው ቀስ አድርጋ ነው፤ ያ ነገር አክስትየውን ከምንም በላይ አንጀቷን በላት። በሩን ብታላትመው ይሻላት ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ አላገኘችም። በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ በሌላው ቦርሳዋን አቅፋ፣ በልቧ ክርክር ገጠመች። ልጅ አፏ ያመጣላትን ብላ ይሆናል። ሁላችንም አለች፤ «ሁላችንም» ማለት ስንት ነው? ሦስት ጓደኛሞች ይሆናሉ። ተማሪዎቿ በጽሑፋቸው «ብዙ ሰዎች» ብለው ሲጽፉ ጎኑ ላይ በቀይ «ስንት?» ብላ የምትጽፍ ሴት ናት፤ አሁን ያ ቀይ እስክሪብቶ መጽናኛ ሆናት። ግን ደግሞ አንድ ጥያቄ መጣባት። በየዓመቱ የመጀመሪያው ሳምንት ጽሑፍ እንዴት አንድ ዓይነት ድክመት ይኖረዋል? ከጥሩ ትምህርት ቤት የመጡትም፣ እንግሊዝኛን እንደ አፍ መፍቻቸው የሚያንበለብሉትም፣ ሁሉም ያው። ይህን በጥናቷ ውስጥ «ወረቀት መፍራት» ብላ አንድ ገጽ ሙሉ ተንትናለታለች። ትንታኔውን ያነበቡ ሰዎች አድንቀውላታል። የምትወርድበት ፌርማታ አልፎ ነበር የነቃችው፤ በሚቀጥለው ወርዳ በእግሯ ተመለሰች።

ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ሥር ደግሞ በየዓመቱ ተለይተው የተደረደሩ ካርቶኖች። ካርቶኖቹ ውስጥ ያሉት የመጀመሪያው ሳምንት ጽሑፎች ናቸው፤ በተማሪዎቹ እጅ የተጻፉት፣ ዋናዎቹ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሴትዮዋ ያጠናችው እነዚህን አልነበረም። ለመቁጠር እንዲመች ጽሑፎቹ ሁሉ በጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ይገለበጣሉ፤ እሷ የምትቆጥረው የተገለበጠውን ነው። ለጸሐፊዋ የሰጠችው መመሪያ ላይ ደግሞ አንድ መስመር አለ፤ «የተሰረዘ አይቆጠርም»። ተማሪው ሰርዞ የተወውን መገልበጥ አያስፈልግም ማለት ነው። ደንበኛ አሠራር ነው፤ ሌላውም አጥኚ እንዲሁ ያደርጋል፤ ማንም ቢሆን ያደርገዋል። ስለዚህ ካርቶኑ አንዴ ከተገለበጠ በኋላ ተከፍቶ አያውቅም ነበር። አቧራውን በመሃረብ ጠርጋ የዘንድሮውን ከፈተችና አንዱን ወረቀት አወጣች።

ወረቀቱ ላይ ስርዝ ነበረ። ክፍል ውስጥ ደጋግማ የምታስተምረው ነው፤ ስትሰርዙ በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዙ፣ አታጥቁሩት፣ ወረቀት አታቆሽሹ። ልጆቹ ታዘዋል። ስለዚህ ከመስመሩ ሥር ያለው ቃል ጥርት ብሎ ይነበባል። የተሰረዘው ልክ ነበር፤ ከላዩ የተተካው ስህተት። ሁለተኛውን አነሳች። ያማረ ዓረፍተ ነገር ተሰርዞ የተንሻፈፈ ተተክቷል። ሦስተኛው እንዲሁ። ሰው ሲጽፍ ስህተቱን ሰርዞ ልኩን ይተካል እንጂ ልኩን ሰርዞ ስህተት አይተካም። አንዱ ብልጥማ ሰዓት እንዳለቀበት ያስታውቃል፤ እስከ አጋማሹ ድረስ አበላሽቶ አበላሽቶ ከዚያ በታች ያለው እንዳማረ ቀርቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። የአምናውን ካርቶን ከፈተች፤ ያው ነው። የሐቻምናውንም ከፈተች። ያም ያው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? መንደሩ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር እሷ ብቻ ሳትሰማ አራት ዓመት ተሞኝታለች። ከጽሑፎቹ መካከል የሚጣ እጅ ጽሑፍ ያለበትን አገኘችው። ርዕሱ ለሁሉም አንድ ነው፤ «ብዙ ያስተማረኝ ሰው»። መጀመሪያው መስመር ላይ ረጅም ስርዝ አየች። ለማንበብ ድፍረት አጣች። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ካርቶኖቹን እንደነበሩ መልሳ ዘጋቻቸው።

እንግዲህ ልናማት ከሆነ እዚህ ላይ እንማት፤ ወረቀቱን ከቦርሳዋ ሁለት ጊዜ አውጥታ ሁለቴም ወደ ካርቶኑ ልትመልሰው ነበር። ማን ያውቃል? ሚጣ ሌላ ቦታ ትማራለች፤ ወጣት ናት፤ ዓመት ምን አላት? ጥናቱ ግን ከወደቀ የማዕረጉ ነገር አብሮ ወደቀ፤ በሰው ፊት መሳቂያ መሆን አለ፤ እትዬ ያቺን ሰማያዊ ኮት የሰፋችው ለዚህ ነው። ልጅቷም እኮ ራሷ ዝም ብላለች፤ ዝም በይ ያላት የለም። ይህን ሁሉ አሰበች። እያሰበች ሳለ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በሩን አንኳኩ። ደግ ሰው ናቸው፤ የሚያወሩት ሁሉ ከደግነት ነው። «ነገ ፊርማ ብቻ ነው የቀረሽ፤ ከወዲሁ እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት። ከዚያ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «የዛሬውን ነገር… አንቺ ዘመድ ነሽ፣ ባትገቢ ይሻላል። ደንቡም ያንቺ ነው፤ ለራሷ ስትሆን አጠፈችው እንዳይሉሽ። እኔ ለልጅቷ የምችለውን አደርጋለሁ።» አመሰገነቻቸው። ሰውየው ሲወጡ እጇን አየችው፤ ወረቀቱ ከላብ የተነሳ ጠርዙ ረጥቧል።

ምሳ ሰዓት ላይ የመምህራን ክበብ ውስጥ ምንጩ ፊቷ መጥቶ ተቀመጠ። ምንጩ የሚጣ መምህር ነው፤ ከሳሹም እሱ ነው። ስሙን ተማሪዎች ናቸው ያወጡለት፤ ምን ብትለው «ምንጭህ ምንድነው?» ስለሚል። ዝናብ ጣለ ብትለው እንኳ ምንጭ ይጠይቃል እያሉ ይቀልዱበታል። «በኔ አትቀየሚ» አላት ሳህኑን እየገፋ። «ዓይኔን ጨፍኜ ላልፍ ነበር። አንቺ ያወጣሽው ቁጥር አላሳልፍ አለኝ። ጽሑፏ ግን… ምን ልበልሽ፣ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ካነበብኩ ዘመን ሆኖኛል። አንብበሽዋል?» መምህርቷ ማንኪያውን አስቀመጠች። አላነበበችውም። ሦስት ቀን ሙሉ የሚጣን ውጤት ስታሰላ፣ ስታነጻጽር፣ ስትናደድ ከርማ ጽሑፉን አንድ ጊዜ እንኳ አላነበበችውም። «ምንጩ» አለችው፣ በቅጽል ስሙ ስትጠራው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፤ «በር ጀርባ ቆሞ የተሰማ ነገር ምንጭ ይሆናል?» «ሰው ነዋ ምንጩ፤ ግን ማስረጃ ይፈልጋል» አላት። ከዚያ ፊቷን አይቶ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለ።

ኮሚቴው የሚቀመጥበት ክፍል ፊት ለፊት አንድ የእንጨት አግዳሚ አለ። ሚጣ እዚያ ላይ ጉልበቷን ገጥማ ተቀምጣ አገኘቻት። አጠገቧ ተቀመጠች። በሁለታቸው መካከል የአንድ ሰው ቦታ ቀርቷል። መናገር ፈለገች፤ ሰማሁሽ፣ ሳላምንሽ ቀረሁ፣ ይቅርታ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ከአፏ የወጣው ግን «ምሳ በልተሻል?» የሚል ነው። ሚጣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ በልቻለሁ ይሁን አልበላሁም አይታወቅም። ተጠራች፤ ገባች። በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ለካ የዚያ ሕንፃ በር ሁሉ ያበጠ ነው። የኃላፊው ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ ዛሬም ልጠይቅሽ። ቁጭ ብለሽ አንድ ገጽ ጻፊልንና ነገሩ ይለቅ።» «አልጽፍም።» «ለምን?» የሆነ ሰው ወንበር ጎተተ። ከዚያ የሚጣ ድምፅ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ያጠናችውን እንደምትደግም ሰው፤ «ሌላ ሰው ነው የጻፈልኝ። ስሙን አልናገርም። ጥፋተኛ ነኝ። አክስቴ ምንም አታውቅም።»

መምህርቷ እንዴት እንደተነሳች አታስታውስም። በሩን ገፍታ ገባች። «ውሸቷን ነው» አለች። ኃላፊው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አንቺ፣ ተነጋግረን አልነበረም እንዴ?» «ተነጋግረናል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ሚጣ ዘወር ብላ «አክስቴ፣ ውጪ!» አለቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰበረ። «ውጪልኝ፣ በናትሽ። ምንም አትበይ!» አክስትየው የተጣጠፈውን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ይሄ የመጀመሪያው ጽሑፏ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ። እናንተ ያያችሁት የተገለበጠውን ነው፤ እኔም የቆጠርኩት የተገለበጠውን ነው። የተሰረዘውን አንብቡት። የሷን ብቻ አይደለም፣ ካርቶኖቹ ቢሮዬ ናቸው፣ የፈለጋችሁትን ዓመት አውጥታችሁ የተሰረዘውን አንብቡ። ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ሆን ብለው ነው የሚያበላሹት። ጥናቴ ልክ አይደለም። ደንቡም ልክ አይደለም።» ይህን ስትል ሚጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ወረቀቱን የወሰደው በከሳሽነት ተገኝቶ የነበረው ምንጩ ነው። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደና ከመስመሮቹ ሥር ያለውን በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። «አክስቴ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን እንኳ የምታነበው እስክሪብቶ ይዛ ነው።» አንዱ የኮሚቴ አባል ሳያስበው ሳቀና አፉን ያዘ። ምንጩ ቀጠለ። «በቤታችን ውስጥ ያልታረመ ነገር የለም። የልደት ካርድ ጻፍኩላት፤ አርማ መለሰችልኝ። አልተቀየምኳትም፤ ዓረፍተ ነገር የሚባለውን ነገር የወደድኩት ያን ዕለት ነው። አንድ ቀን ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የምታነበው አንድ ገጽ ልጽፍላት እፈልጋለሁ።» ይህ ሁሉ ተሰርዟል፤ በአንድ ቀጭን መስመር፣ እንደተማረችው። ከላዩ በትልልቅ ፊደል የተተካውን ምንጩ ሲያነበው ድምፁ ወረደ፤ «አክስቴ ጥሩ መምህር ነች። እሷ ጥሩ ነች።» መምህርቷ ያን የልደት ካርድ አስታወሰችው። ሁለት ነጠላ ሰረዝ ነበር የጎደለው። እንባዋ መጣ፤ በሰው ፊት ነው፣ ይምጣ፤ አልጠረገችውም። ምንጩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰና «ይሄንን የጻፈችው ልጅ ያንንም ጽፋለች። እኔ ክሴን አንስቻለሁ» አለ።

የኮሚቴ ነገር ግን በእንባ አያልቅም። ኃላፊው ወረቀት ከነእስክሪብቶ ለሚጣ አቀረቡላት፤ አሳምራ ብትጽፍ የመጀመሪያው ሆን ተብሎ መበላሸቱ ይታወቃል ብላ ነበር እምቢ ያለችው፤ አሁን ግን ምክንያት አልነበራትም። ቁጭ ብላ ጻፈች፤ ሌሎቹ እየተፈራረቁ አነበቡትና የመጨረሻውንም የጻፈችው እሷው መሆኗን አመኑ። ሆን ብሎ ማበላሸትስ ጥፋት አይደለም ወይ የሚል ተነሳ። ምንጩ «በዚህ ከሆነ ግቢውን ባዶ ማድረግ ነው» አለ። በመጨረሻ ሚጣ የመሻሻሉን ማርክ እንድታጣ፣ በትምህርቷ ግን እንድትቀጥል ተወሰነ። ልጅቷን አሰናብተው በሩን ሲገፉት እንደለመደው ሳይዘጋ ቀረ። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «የዘረዘርሽው ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ ገብቷል። ፋይልሽን ነገ ማቅረብ አልችልም፤ ይገባሻል አይደል? ጥናትሽን ላተመው መጽሔትም መጻፍ አለበት፤ ራስሽ ብትጽፊላቸው ይሻላል።» «እጽፍላቸዋለሁ» አለች። «አራት ዓመት!» አሉ ሰውየው፣ ለሷ ሳይሆን ለጠረጴዛው። እውነትም ያሳዝናል። እሷም አዘነች፤ ደረጃውን መደገፊያውን ይዛ ነው የወረደችው። የአራት ዓመት ልፋት እኮ ነው፤ ደስ ብሎኝ ጣልኩት የሚል ሰው ካለ እሱ ለፍቶ አያውቅም።

ሚጣ የሕንፃው በር ላይ ጠብቃታለች። አውቶቡስ ውስጥ ሁለት መቀመጫ ጎን ለጎን ተገኘ። «ለምን ገባሽ?» አለች ሚጣ መስኮቱን እያየች። «እኔ እኮ ወስኜ ነበር።» «ሦስት ቀን ሙሉ ቁጥር አምኜ አንቺን አላመንኩም» አለች አክስትየው። «ከአንቺ ይልቅ ቁጥሩ ልጄ ሆኖ ነበር። ይቅር በይኝ፣ ሚጣዬ።» አውቶቡሱ ሲታጠፍ የሚጣ ትከሻ አክስቷ ትከሻ ላይ ዘመም አለ፤ መንገዱ ሲቃናም አልተመለሰም።

እትዬ በሩን ሳያንኳኩ ከፈተችላቸው። ኮቱን ጨርሳ መስቀያው ላይ ሰቅላዋለች፤ ቁልፎቹ እንኳ ተተክለዋል። ሁለቱ አብረው መምጣታቸውን አይታ «እሰይ! ሻርፑ ይቅር ተባለ» አለች። መምህርቷ ቆማ ነገረቻት፤ ክሱንም፣ መባረር እንደነበረም፣ ጥናቱንም፣ ነገ ሹመት እንደሌለም። እትዬ ማሽኗ ፊት ተቀመጠች። ጨርቅ በሌለበት ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጠችው፤ ስትናደድም ስትደነግጥም እንዲያ ነው የምታደርገው። «ልጄ ልትባረር ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚህ ስለ ሻርፕ አወራለሁ» አለች። «ሁለታችሁም ከኔ ትደብቃላችሁ። እኔ በዚህ ቤት ማን ነኝ?» ቆይታ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ቀና አለች። «ኮቱንስ ምን ላድርገው?» «ይቀመጥልኝ እትዬ። ለማስተማር እለብሰዋለሁ።» «ለማስተማር! ይሄን የመሰለ ኮት ጠመኔ ሊቦንበት!» ብላ ተቆጣች። ቁጣዋ ሁለቱንም ቀለል አደረጋቸው።

እራት ከበሉ በኋላ መምህርቷ ሚጣን «የመጨረሻውን ጽሑፍሽን አምጪው እስቲ» አለቻት። ሚጣ ከክፍሏ ይዛው መጣችና ሰጥታት ራቅ ብላ በሩ አጠገብ ቆመች፤ የጣቶቿን ጥፍር መብላት ጀመረች። አክስትየው ከመብራቱ ሥር ተቀምጣ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። እትዬ አመሏን ታውቃለችና ከስፌት መሳቢያዋ ቀዩን እስክሪብቶ ፈልጋ፣ ክዳኑን ነቅላ፣ እጇ አጠገብ አስቀመጠችላት። መምህርቷ እስክሪብቶውን አየችው። ክዳኑን መልሳ ገጠመችውና ወደ እህቷ ገፋ አደረገችው።

«ውሰጂው እትዬ፤ ይሄን ዝም ብዬ ነው የማነበው።»